የኔታ የወሰዱት የሙሽራ ድምፅ

የኔታ ሃይለ ሚካኤል በቋሪት ደጋ ከቤታቸው ሥር ካለው ወንዝ ሞተው ከተገኙ ወዲህ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ በቪዲዮ የተቀረጸ ሙሽራ ሁሉ ድዳ ሆነ። ይህን ስል እያጋነንሁ አይደለም። ማጋነን ብፈልግ ኖሮ የሙሽሮቹ በቅሎዎችም ድዳ ሆኑ እል ነበር።

ወሬው ከቡሬ እስከ ግሽ ዓባይ በአንድ ገበያ ውሎ ደረሰ። ሽማግሌው የዜማ መምህር ለመጨረሻ ጊዜ የታዩት ቤታቸው ድረስ ሄዶ ዜማቸውን በቀረጸው በስመኘው ቪዲዮ ቤት ካሜራ ነው፤ ስለዚህ በዚያ ቤት የሚያልፈውን ድምፅ ሁሉ ከመቃብር ሆነው ይወስዱታል ተባለ። ባጃጅ ነጂዎቹ ሳይቀሩ በቪዲዮ ቤቱ በር ሲያልፉ ጥሩምባ መንፋት ተዉ።

በዚያ ጥር፣ ሚሌኒየሙ ሊገባ ወራት ሲቀሩት፣ እጅጉ የሚባል አዲስ ሙሽራ የሠርጉን ሲዲ ይዞ ወደ ኢንስፔክተር ማርያማዊት ቢሮ ገባ። ማርያማዊት እንኳን ሌባን፣ ሌባው ገና ያላሰበውን ሐሳብ አንገቱን ይዛ የምታመጣ መርማሪ ናት።

«ክስ ላቀርብ ነው የመጣሁ» አለ።

«ማንን ነው የምትከስ?»

«የኔታ ሃይለ ሚካኤልን።»

«እሳቸው ሞተዋል እኮ።»

«ለዚያ ነዋ ወደ ቀበሌ ያልሄድሁት።»

አልሳቀችም። ከፊቷ የተዘረጋው መዝገብ የእኒሁ የኔታ ነበር። ከወንዙ ያወጣቻቸው የወንድማቸው ልጅ ደስታነሽ ናት፤ ልብሷ ርሶ ስለተገኘና በመሬት ከአጎቷ ጋር ተጣልታ ስለነበር ታስራለች። መዝገቡ በማግስቱ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ለደስታነሽ የሚሟገትላት ማንም የለም።

ሲዲውን ከፈቱት። ከበሮውና እልልታው እንደ ሐምሌ ጎርፍ ይወርዳል። ሙሽራው አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ የሚሰማ ቃል ግን የለም። የሚመርቁት ቄስም እንደዚያው።

«ደረትህ ላይ የተሰካችው ጥቁር ነገር ምንድን ናት?»

«ማይክ ናት፣ ያለ ገመድ የምትሠራ። ከእኔ በፊት ያገባው፣ ቢሆነኝ የሚባለውም አድርጎ ነበር። እሱም ድዳ ሆኗል።»

«ከየኔታ ሞት በፊት ያገቡትስ?»

«እነሱማ እንደ ቁራ ሲጮሁ ይሰማል።»

ማርያማዊት መዝገቡን ዘግታ ተነሣች።

መሪጌታ ደጀኔን እስር ቤቱ በር ላይ አገኘቻቸው፤ ለደስታነሽ ስንቅ ይዘው ቆመዋል። የየኔታ የመጀመሪያ ደቀ መዝሙር ናቸው። ሬሳውን የገነዙትም እሳቸው ነበሩ።

«መሪጌታ፣ ሲገንዟቸው ያዩት እንግዳ ነገር አልነበረም?»

ከጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈቱና አንዲት ጥቁር መቆንጠጫ በመዳፏ ላይ አኖሩ። «ይህቺ ከቀሚሳቸው አንገት ተሰክታ ነበር። የዚያች የደረት ማይክ መያዣ ናት። ጨርቁም ተቀዷል።»

«ለምን አልተናገሩም?»

«የጠየቀኝ የለማ፣ ልጄ። ያልተጠራ ምስክር ቤተኛ አይሆንም።»

«የኔታ የተቀረጹበትን ካሴትስ ወደ ከተማ ያመጣው ማነው?»

«እኔው ነኝ፤ ከቀብሩ ማግስት። ከካሜራው ስትወጣ ተቀብያት ሰዉ ለቅሶ ላይ ሳለም ከእቅፌ አላወጣኋት፤ የአባቶች ዜማ ናት። የስመኘው ሚስት ወደ ኮምፒውተሩ ስትገለብጣትም አጠገቧ ቁጭ ብያለሁ። ግና አዘንሁ። የየኔታ ድምፅ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ ነው የሚሰማ። ከዚያ ደግሞ ባዶ ምንጣፍ ብቻ ይታያል፣ ዶሮ ይጮሃል። ሬሳ የሌለበት ለቅሶ መሰለኝ፤ ለእሷው ትቻት ወጣሁ።»

ቪዲዮ ቤቱ መጋረጃው ተዘግቶ ጨልሟል። ያምሮት ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች፤ ባሏ ስመኘው የካሜራውን መስተዋት ይጠርጋል። ረጅም፣ ቀልደኛ ሰው ነበር፤ አሁን ግን ትከሻው ወርዷል።

«የኔታ ማይኩን መቼ አወለቁት?» አለች ማርያማዊት።

«ባትሪው ገና በጠዋት ሞተ። በገዛ እጃቸው ነቅለው ሰጡኝና ሊታጠቡ ወደ ወንዝ ወረዱ። ተማሪዎቹ ለምነው ሊበሉ ወጥተዋል፣ መሪጌታ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። እኔ ጥላ ሥር ተኛሁ።»

«ያምሮት፣ ይህን ኮምፒውተር እንዴት ነው የምትሠሪበት?»

«ካሴት እከታለሁ፣ ቀይዋን ቁልፍ እጫናለሁ፣ እስኪያልቅ እጠብቃለሁ። ሌላውን የሚያውቅ እሱ ነው፤ አዲስ አበባ ሄዶ የተማረው እሱ።»

የአንድ ሠርግ ካሴት እየተገለበጠ ነበር። ከኮምፒውተሩ ማያ ጥግ ሁለት አረንጓዴ መስመሮች አሉ። አንዱ ከከበሮው ጋር ይዘላል። ሌላው ተጋድሟል።

«ይህ ለምን አይዘልም?»

«እንጃ። ድሮ ሁለቱም ይዘሉ ነበር» አለች ያምሮት።

«የየኔታ ካሴት የት አለ?»

ስመኘው ቀደማት። «ሠርግ ቀርጸንበታል። የተገለበጠ ካሴት ላይ ነው ደግመን የምንቀርጸው። የቤታችን ደንብ ነው።»

ያምሮት ዐይኗን ወደ መሬት ጣለች። ማርያማዊት አየቻት።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በዚያችው ክፍል ተሰበሰቡ። ደስታነሽ በፖሊስ ታጅባ፣ መሪጌታ ደጀኔ በመቋሚያቸው ተደግፈው፣ እጅጉ ድምፁን ሊያስመልስ፣ ስመኘው ከግድግዳው ተለጥፎ። ውጭ ከተማው ሁሉ በጆሮው ቆሟል፤ ከጋሪ የተፈቱት ፈረሶች እንኳ አንገታቸውን አስግገዋል።

«ሙት ድምፅ አይወስድም» አለች ማርያማዊት። «ይህ ፕሮግራም ድምፅ የሚቀበለው በሁለት ቻናል፣ በሁለት መግቢያ ነው። በአንደኛው ደረት ላይ ያለው ማይክ ይገባል፣ በሁለተኛው የካሜራው የራሱ ማይክ። ሁለቱም ላይ የራይት ምልክት ካለ ሁሉም ይሰማል። የአንደኛውን ራይት ያነሣ ሰው ሙሽራውን ድዳ ያደርጋል፤ የሩቅ ከበሮና እልልታ ብቻ ይቀራል። አንዴ ከተነሣ ደግሞ፣ መልሶ የሚያደርገው እስኪገኝ እንደዚያው ይኖራል።»

«እኔን ምን አድርጌው ነው?» አለ እጅጉ።

«አንተን የፈለገህ የለም። የተዘጋው የኔታ እንዳይሰሙ ነው። ቢሆነኝና አንተ ተከትላችሁ ገባችሁ።»

ወደ ስመኘው ዞረች።

«መሪጌታ ካሴቷን ከእቅፋቸው አላወጡም፤ ልታጠፋት አልቻልህም። በእጅህ የቀረው ኮምፒውተሩ ነበር። ሴቲንጉን የምታውቅ አንተ ብቻ ነህ። ባትሪው ሞተ አልህ፤ የሞተ ባትሪ የኋለኞቹን ሙሽሮች ድዳ አያደርግም፣ በየሠርጉ ይለወጣልና። በገዛ እጃቸው ነቀሉት አልህ፤ መቆንጠጫው ግን ከቀሚሳቸው ጋር ወንዝ ገብቷል። ማይኩ ተመንጭቋል። ሰዉ በሙት ሲያሳብብልህ ደግሞ ተመቸህና ዝም አልህ።»

«ይህ ግምት ነው» አለ ስመኘው። «ካሴቱ የለም።»

ያምሮት ተነሣች። ከሥዕለ ማርያም በስተጀርባ፣ በንጹሕ ነጠላ የተጠቀለለ ነገር አወረደች።

«ሠርግ ቅረጺበት ብለኸኝ ነበር» አለች ባሏን ሳታየው። «የእመቤታችን ስም የተጠራበት ላይ ዳንኪራ ልቅረጽ? ያረጀ ዳዊት እንኳ ቀብረን ነው እንጂ መቼ እንጥላለን? ሌላ ካሴት ገዛሁ። እንዳትቆጣኝ ብዬ ነው ያልነገርሁህ።»

ካሴቱ ገባ። ማርያማዊት እሷ ራሷ የመጀመሪያው ቻናል ላይ ራይቱን መለሰች።

በማያው ላይ ባዶ ምንጣፍ አለ። ሰው የለም፤ የሚነጋገሩት ከካሜራው ርቀው ነው። የተጋደመው አረንጓዴ መስመር ግን ተነሥቶ ዘለለ፣ እና የሞቱት ሰው በክፍሉ ውስጥ ተናገሩ።

«አጥፋው፣ ልጄ። ዜማ ቆመህ፣ ጾመህ የሚሰማ ነው። ሰው ተጋድሞ እየበላ የሚሰማው ከሆነ ይቅርብኝ።»

«የኔታ፣ ለሚሌኒየሙ በዓል አሳያለሁ ብዬ ለዞኑ ሁሉ ተናግሬያለሁ። በሰው ፊት አያዋርዱኝ።»

«እንግዲያስ እኔው ላጥፋው። አሳልፈኝ።»

ልብስ ተንኮሻኮሸ። ከባድ ነገር ከድንጋይ ጋር ተላተመ።

«የኔታ… የኔታ፣ ይነሡ እንጂ…»

ደስታነሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። መሪጌታ አማተቡ።

«መግደል አልፈለግሁም» አለ ስመኘው። «ከበሩ ገፋ አደረግኋቸው፣ ደፉ ላይ ወደቁ። ሞተዋል ብዬ ነው ወደ ወንዙ የወሰድኋቸው። በፈጣሪ ስም፣ ሞተዋል ብዬ ነው።»

«ዝም በሉና ስሙ» አለች ማርያማዊት።

ድምፁን ከፍ አደረገችው። ዶሮ ጮኸ። ከዶሮው ሥር ሌላ ነገር አለ፤ ቀጭን፣ እየተቆራረጠ የሚሄድ። እጅጉ ምን እንደሆነ ቀድሞ ገባውና ከወንበሩ ተነሣ።

ትንፋሽ ነው።

መስመሩ በትንሹ ይነሣል፣ ይወርዳል። ይነሣል፣ ይወርዳል። ከዚያ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ማይኩ ተመነጨቀ። መስመሩ ተጋደመ።

«ስትነቅለው ይተነፍሱ ነበር» አለች። «የገደላቸው ድንጋዩ አይደለም፤ ውሃው ነው።»

ስመኘው አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። እንደ ሙሽሮቹ ሆነ። ቃል ሲያገኝ ለሚስቱ ነበር የተናገረው።

«አልሰማሁትም፣ ያምሮት። ፈርቼ ዘጋሁት እንጂ አንዴም አልሰማሁትም።»

የደስታነሽ ሰንሰለት በዚያው ተፈታ። መሪጌታ ወደ ካሴቱ እያዩ «አጥፉት ብለው ነበር እኮ» አሉ።

«ፍርድ ቤት ይስማውና፣ ከዚያ በኋላ ቃላቸው ይፈጸማል» አለች ማርያማዊት።

የእጅጉ ሠርግ እንደገና ተገለበጠ፤ ድምፁም ተመለሰለት። ቄሱ ሲመርቁት እሱ ለሚዜው «ጫማው ገደለኝ» ሲል ቁልጭ ብሎ ይሰማል፤ ሚስቱ ይህንኑ ስትተርክ ትኖራለች። ያምሮት ቪዲዮ ቤቱን ብቻዋን ይዛ ቀጠለች። ቀይዋን ቁልፍ ከመጫኗ በፊት ግን ሁለቱን ራይቶች አንድ በአንድ በጣቷ ትነካለች። ከዚያ፣ ካሴት ሳይገባ፣ መስመሮቹ ተጋድመው ሳሉ፣ ጆሮዋን ወደ ስፒከሩ አስጠግታ ጥቂት ታዳምጣለች።