በረዶ የመታው ጭቃ

ጣልያን ደምበጫ በሰፈረ በዓመቱ አንሙት ከእነ ሥራነሽ ደጅ ቆመ። የባለርስት ልጅ ነው፤ ሸክላ ሠሪ ቤት ገብቶ አያውቅም። ጥይት ያለቀባቸው አርበኞች ለወንጭፍ የሚሆን የሸክላ ድቡልቡል እንዲያሠራ ልከውት ነው።

«ድንጋይ ሞልቶ የለም?» አለችው ሥራነሽ።

«ድንጋይ አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም፤ እጅ ያሳስታል።»

ዓይኑ እንዲወደው ብላ እንደ መስተዋት አለስልሳ ሠራችለት። ሲወነጨፉ ግን ከመንደሩ በታች ያለውን ወንዝ ሳይሻገሩ ወደቁ።

ሌላ ቀን ያሰጣችውን እርጥብ የጭቃ ድቡልቡል በረዶ ወርዶበት ፊቱን አጎደጎደው። ልትጥለው ስትል እናቷ ማሬ «አይባክን» ብላ ከሌላው ጋር ተኮሰችው። አንሙት አንዱን አንስቶ ወነጨፈ። ወንዙን አልፎ ማዶ ካለው ግራር ሥር አረፈ። ሁለቱ ተያዩ።

ከዚያ ወዲህ እሷ በእርጥቡ ጭቃ ላይ ሽምብራ በጣቷ እየተጫነች ታጎደጉዳለች፤ እሱ ይወነጭፋል። ጉድጓዱ ሲጠልቅ ድቡልቡሉ ይዋልላል። ሽምብራውን በአተር፣ አተሩን በምስር ለወጡ። ስስ ጉድጓድ ያለው ነፋሱ መንገድ የለቀቀለት ይመስል ራቀ። በመካከሉ ሳቅ መጣ፤ ሥራው ካለቀ በኋላም አንሙት መምጣቱን አልተወም።

«እናትህ ‹ሸክላ ሠሪ ቡዳ ናት› ትልሃለች» አለችው ዓይኗን ሰብራ።

«ጣልያን ይውጣ እንጂ፣ እጅሽን ይዤ እወስድሻለሁ።»

አንድ ማለዳ አርበኞቹ ከወንዙ ማዶ ሆነው የጣልያንን በቅሎዎች በድቡልቡሎቹ ደበደቧቸው። ተኩስ የለ፣ ጭስ የለ። የደነበሩት በቅሎዎች ጥይት እንደተጫኑ የሰፈሩን አጥር ጥሰው በአርበኞቹ እጅ ገቡ።

ባንዳዎች የወደቀውን ሸክላ ለቅመው እነ ሥራነሽ ቤት መጡ።

«ማን አሠራሽ?»

የአንሙትን ስም አላወጣችም። ጣቶቿን በጠመንጃ ሰደፍ ቀጠቀጧቸው።

ጣልያን ወጣ። አንሙት ጎፈሬውን አበጥሮ መጣ። ሥራነሽ የተጣመሙ ጣቶቿን በነጠላዋ ሸፈነች። እሱ ግን ወደ ማሬ ዞረ።

«እናቴ ጋን ፈልጋ ነው።»

«ለምን?» አለች ሥራነሽ።

መሬት መሬት አየ። «ለሠርጌ» አለ።

«ስለ በቅሎዎቹ ሲጠይቁህ፣ ድቡልቡሉን ማን ሠራው ትላለህ?» አለችው ሥራነሽ።

«ድንጋይ ነበር እላለሁ።»

ማሬ ጋኖቹን ሠራች፤ እናትና ልጅ መብላት አለባቸው። በሠርጉ ዕለት ሥራነሽ ውሃ ቀድታ እንስራውን ማንሳት አቃታት። የሚያሸክማት ሰው ፈለገች። መንገዱ ጭር ብሏል፤ መንደሩ ሁሉ ሠርግ ሄዷል።