የመጨረሻውን ባዶ ጠርሙስ አትንኩ

ይሄ በእውነት የሆነ ነገር ነው። ከሰው ሰምቼ ቢሆን ኖሮ እኔም እንደ እናንተ ስቄ አልፈው ነበር።

ቀኑ ቅዳሜ። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል።

ጨለማ ጠብቃችሁ ከሆነ ይቅርታ... ፀሐይዋ ገና አልበረደችም። በየበረንዳው የታጠበ ልብስ ተሰጥቶ ነበር።

የምኖርበት ሕንፃ ከላይ ሰባት በር አለው፤ ከታችም ሰባት። መሃሉ ላይ ደረጃ። በየበሩ አጠገብ የውኃ ቆጣሪ ተሰክቷል። ከታች የመጀመሪያው በር የኔ ነው።

ሥራዬ ቧንቧ ነው። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም ጎረቤቶቼ "ኢንጅነር" ይሉኛል። እያሾፉ ነው። እኔም አውቄ አቤት እላለሁ።

በዚህ ሕንፃ አንድ ልማድ አለን። ሁላችንም ያቺን ቀለም የመለየት ጌም እንጫወታለን፤ አንዱ ሌቭል አልወጣለት ያለ ሰው ስልኩን ለጎረቤት ይልካል። እኛ ዘንድ ጨው ከመዋስ ስልክ መዋስ ይቀላል።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ጠርሙሶች ይሰጧችኋል። በየጠርሙሱ ቀለም ተደራርቧል፤ ቀዩ በሰማያዊው ላይ፣ ሰማያዊው በአረንጓዴው ላይ... እያንዳንዱ ቀለም አራት እርከን አለው። ከአንዱ ወደ አንዱ እየገለበጣችሁ አንዱን ቀለም በአንድ ጠርሙስ ትሰበስባላችሁ። የሚገለበጠው ግን በመሰሉ ላይ ወይም ባዶ ጠርሙስ ውስጥ ብቻ ነው። አራቱ ሲሟሉ ክዳን ይወርድና ጠርሙሱ ይዘጋል።

ጠቅ... ይላል።

ስምንት መቶ ሌቭል ያለፍኩ ሰው ነኝና ምክሬን ስሙ። ከላይ የሚታየውን ትታችሁ ታች የተቀበረውን እዩ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የመጨረሻዋን ባዶ ጠርሙስ አትንኩ። መተንፈሻችሁ እሷ ናት። የምትነካው አንድ ጊዜ ብቻ ነው... መግቢያ ያጣ ብቸኛ ቀለም ሲተርፍ።

ይሄን ምክር ለልብስ ሰፊዋ የሰጠኋት እኔ ነኝ።

ልብስ ሰፊዋ ከላይ ስድስተኛው በር ነው የምትኖረው። አብረዋት አማቷ አሉ፤ ትልቋ ልጇ አለች፤ ጥንጥንም አለች።

ጥንጥን ያልናት እንደ ክር ጥንጥን ድብልብል ብላ ስላደገች ነው። ልብስ ሰፊዋ አልወለደቻትም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት እሷ ቤት በደባልነት ትኖር የነበረች ሴት "መጣሁ" ብላ ወጣች። የሁለት ዓመት ልጅ ትታ ወጣች። እስካሁን አልመጣችም።

ባልየው ሹፌር ነው። ያኔውኑ "ወይ እሷ ወይ እኔ" አለ። ሚስቱ ልጅቷን መረጠች።

እሱም ሻንጣውን አንጠልጥሎ ደረጃውን ወረደና ከታች አራተኛው በር ገባ። እንዲህ ያለ ኩርፊያ አይቼ አላውቅም፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ምሳው ከላይ ነው የሚወርድለት።

ልብስ ሰፊዋ ግን ጥንጥንን እንደ ዓይኗ ብሌን ነበር የምታያት። አንድ ደንበኛ ሳይወስደው የቀረ አንድ ጣቃ ቢጫ ጨርቅ ነበራትና ከዚያ እየቆረጠች ትሰፋላት ነበር። ልጅቷ ከዓመት እስከ ዓመት ቢጫ ናት። እኔን መጥራት ሲፈልጉ በማንኪያ ቧንቧውን ትመታለች። ሁለት ጊዜ፤ ኳ... ኳ። "እማዬ ትጠራዎታለች" ማለት ነው።

እንግዲህ አራት መቶ አሥራ ሁለተኛው ሌቭል ለልብስ ሰፊዋ መጣላት። አልወጣላት ሲል ወደ እኔ ይዛው ወረደች።

ከላይ ሰባት ጠርሙስ። ከታች ስድስት። ከታች የመጀመሪያው ጠርሙስ መሆን ያለበት ቦታ ላይ የመመለሻዋ ቀስት ተቀምጣለች፤ ስትሳሳቱ ወደ ኋላ የምትመልሳችሁ።

ከላይ ሰባተኛዋ ጠርሙስ ባዶ ነበረች።

ከላይ ሰባተኛው በርም ሁለት ዓመት ሙሉ ባዶ ነው። ውኃውን የቆረጥኩት በገዛ እጄ ነው፤ ቁልፉም እኔ ቤት ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል።

ያኔ ይሄን ማን ያስባል?

መጀመሪያ የሆነው የሚያስደስት ነገር ነበር። የፀጉር አስተካካዩ ሚስት ተጣልታው እህቷ ዘንድ ከላይ ሁለተኛው በር ገብታ ነበር። ልብስ ሰፊዋ በኔ ምክር ከላይ ከሁለተኛው ጠርሙስ አንድ አረንጓዴ አንስታ ከታች ሦስተኛው ላይ ገለበጠች። ጠቅ አለ። ሻይዋን ሳትጨርስ ሚስትየው ቦርሳዋን ይዛ ወርዳ ከታች ሦስተኛው በር፣ ባሏ ዘንድ ገባች።

ስቀን ልንሞት ነበር። እኔማ "ከሽማግሌ የኔ ምክር ይሻላል" ብዬ ተኮፍሼ ዋልኩ።

ሰኞ ፀጉር ቤቱ አልተከፈተም። ማክሰኞም።

ረቡዕ ቆጣሪያቸውን አየሁት። አራት ሰው ያለበት ቤት... ጠብታ ውኃ አልተነካም። አንኳኳሁ። ደህና ናችሁ ወይ አልኩ።

የእሱ ድምፅ ነው የመለሰልኝ። ረጋ ያለ። በሩ ሥር ቆሞ ሲጠብቀኝ የነበረ ይመስል።

"ሁላችንም አለን... ሞልተናል።"

ቀጥሎ ጡረታ የወጣችው መምህርትና ዘበኛ ወንድሟ ሆኑ። ስድስት ዓመት አይነጋገሩም ነበር። አንዲት ቀይ እርከን ተገለበጠች፤ ዘበኛው ፍራሹን ተሸክሞ ወደ እህቱና ወደ ሁለት ልጆቿ ገባ። ጠቅ። ከዚያ በኋላ እሷም ስትጠራ "ሞልተናል" ነው።

ልብስ ሰፊዋ ከእኔ ቀድማ ነቃች። ስልኩን የስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ከክርና ከመርፌዎቹ ሥር ቀበረችው። መጫወት ተወች።

ጌሙ ግን አልተወም። መሳቢያውን በከፈተች ቁጥር አንድ ጠርሙስ ተዘግቶ ታገኛለች። ያን ቀን ደግሞ አንድ በር ይዘጋል። ከውጭ የሚመጣ እንግዳ ሲያንኳኳ "ሞልተናል" ይሉታል፤ እሱም ቤት ፈላጊ መስያቸው ነው ብሎ ይሄዳል።

በሦስት ሳምንት ውስጥ ድምፅ ያለን ሦስት በር ብቻ ቀረን። እኔ፣ ሹፌሩ፣ ልብስ ሰፊዋ።

ወደዚያ ቅዳሜ ልመለስ። ዘጠኝ ተኩል።

ልብስ ሰፊዋ ስልኩን በገበር ቁራጭ ጠቅልላ መጣች። በሩን ከኋላዋ ገፋ አደረገችው።

"ኢንጅነር... እየው።"

አየሁ። ሌላው ሁሉ ተዘግቷል። ከላይ ስድስተኛው ውስጥ ሦስት ሰማያዊ፤ በላዩ አንድ ቢጫ። ከታች አራተኛው ውስጥ አንድ ሰማያዊ ብቻውን። ከላይ ሰባተኛዋ... ባዶ።

"ቢጫው አንድ እርከን ብቻ ነው" አልኳት። "እንዲህ ያለ ሌቭል የለም። ሦስቱ የት አሉ?"

"የሏትም" አለች በሹክሹክታ።

ቃሏ ቢጫው ላይ ሳይሆን ሰው ላይ እንዳረፈ ገባኝ።

ጌሙ ሌላውን ሁሉ ራሱ ሲዘጋ ይቺን ቢጫ ግን እንደማይነካት ነገረችኝ። አራት ቀን ሙሉ ቆሞ ይጠብቃል አለች። ጣት ነው የሚጠብቀው። ስልኩን ልትሰብረው አስባ፣ ብሰብረው ደግሞ ምን ይሆናሉ ብላ ፈርታለች። ቤት እንዳታስቀምጠው ትልቋ ልጇ ትነካካዋለች፤ አማቷም ልጅቷን በደግ ዓይን አያዩም።

"ባዶዋን አትንኪ ያልከኝ አንተ ነህ" አለች። "እንግዲህ ጠብቅልኝ።"

ማልኩላት። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ማልኩላት።

አንዴ ስልኩን፣ አንዴ እኔን አይታ ወጣች። ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩት። ገበሩን ግን ገለጥ አደረግኩት... ለማየት ያህል።

ሦስት እንቅስቃሴ እንኳን አይፈልግም። ሁለት ብቻ። ጨዋታ የምታውቁ ሰዎች ትረዱኛላችሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ተከፍቶ ሲቀመጥ ጣት ያሳክካል።

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጥንጥን መጣች። ያዋስኳቸውን ፒንሳ ልትመልስ። ማንኪያዋን እንደ ልማዷ ኪሷ ውስጥ ሰክታለች።

ስልኩን አየችው።

"ጋሼ... ይሄ እማዬን ያስቸገራት ነው?"

አዎ አልኳት። መሸፈን ነበረብኝ። ገበሩ እጄ ላይ ነበር።

ጎንበስ ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው።

"ይቺ ቢጫ ቤቷ የት ነው?"

"ቤት የላትም።"

"ታዲያ የት ትሂድ?"

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን ምን ዓይነት ሰው መሰልኳችሁ? ልጅ ሲጠይቀኝ፣ ያውም ስለማውቀው ነገር... አፌን ሞልቼ መለስኩ።

"ብቸኛዋን ባዶው ውስጥ ነው የምታስገቢያት።"

ጣቷን አነሳች።

እጇን መያዝ እችል ነበር። በመሃላችን አንድ ክንድ እንኳን አይሆንም። አልያዝኳትም። ለማንም ያልተናገርኩትን ለእናንተ ልናገር... ሌቭሉ ሲያልቅ ማየት አማረኝ።

ነካችው። ቢጫዋ ተነስታ ሰባተኛዋ ውስጥ ፈሰሰች። ባዶ ጠርሙስ ታች ላይ ትንሽ... በጣም ትንሽ ሆነች።

ጥንጥን ጣቷን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ፊቷ ላይ ምንም የለም።

"መጣሁ ጋሼ" አለችኝ።

ወጣች። ደረጃውን ስትወጣ እሰማታለሁ። ከላይ በረንዳው ላይ እርምጃዋን ቆጠርኩ። አራተኛው በር... አምስተኛው... ስድስተኛው ላይ ትቆማለች ስል አለፈች።

ሰባተኛው በር ተከፈተ። ተዘጋ።

ቁልፉ ምስማሬ ላይ ነበር።

ዓይኔ ወደ ስልኩ ተመለሰ። ሰማያዊው ማንም ሳይነካው ከታች አራተኛው ተነስቶ ወደ ስድስተኛው ሄደ። በዚያው ቅጽበት የሹፌሩ በር ተከፈተ። ያንኑ የዘጠኝ ዓመት ሻንጣ ይዟል። በመስኮቴ አየሁት፣ ፈገግ ብሏል፤ ወደ እኔ ግን አላየም። ደረጃውን ወጣ።

ጠቅ።

ስክሪኑ ላይ የቀለም ወረቀት ተበተነ። "እንኳን ደስ አለዎት" ይላል። የመመለሻዋን ቀስት ፈለግኳት። ቦታዋ ባዶ ነው።

ቁልፉን መንጭቄ ሮጥኩ። ሰባተኛውን ከፈትኩ። የሁለት ዓመት አቧራ። ወለሉ ላይ ያለው ዱካ ውኃ ልቆርጥ የገባሁ ቀን የተውኩት የራሴ ጫማ ብቻ ነው።

ግድግዳው ውስጥ ካለው ቧንቧ...

ኳ... ኳ።

ስድስተኛው በር ላይ በሁለት እጄ ደበደብኩ።

"ማነው የሚያንኳኳው?" አለች ልብስ ሰፊዋ። የራሷ ድምፅ ነው። ረጋ ያለ።

"እኔ ነኝ... ጥንጥን ቧንቧው ውስጥ ትጠራለች። ክፈቺልኝ።"

ከዚያ እንደ ባዕድ ሰው በትሕትና መለሰችልኝ።

"ተሳስተዋል መሰለኝ። እኛ አንዲት ልጅ ብቻ ናት ያለችን። ሞልተናል።"

ዘጠኝ ዓመት "አንተ" ስትለኝ የኖረች ሴት ናት።

ይሄ ከሆነ አራት ወር ሆነው። ስልኩ እስካሁን እኔ ጋ ነው። "ቀጣይ ሌቭል" የሚለውን አልነካሁትም። ለቅቄ እንዳልሄድ ደግሞ ቅዳሜ ይይዘኛል።

በየቅዳሜው ዘጠኝ ተኩል ሲሆን ከስድስተኛው በር የስፌት መኪና ድምፅ ይሰማል። ሲያቆም በበሩ ሥር አንድ የታጠፈ ነገር ወደ ውጭ ይገፋል።

ቢጫ ቀሚስ።

ለማን እንደሰፋችው ስጠይቃት አታውቅም። ምን ቀሚስ ትለኛለች።

አንስቼ ሰባተኛው በር እጀታ ላይ እሰቅለዋለሁ። ጠዋት ስመለስ የለም። ልብስ አላውቅም፤ ቧንቧ የምለካበት ሜትር ግን ከኪሴ አይጠፋም። የመጀመሪያው ቀሚስ ልክ የእሷ ነበር። ሁለተኛው በአራት ሳንቲ ሜትር አጠረ። እጇ ስቶ ነው ብዬ አለፍኩት። ሦስተኛውም በአራት አጠረ። አራተኛውም...

ቧንቧው ውስጥ ያለው ድምፅም እንደዚያው ነው። መጀመሪያ ማንኪያ ነበር። አሁን ጥፍር ይመስላል። ጆሮዬን ካልለጠፍኩ አልሰማውም።

ትናንት ቅዳሜ ነበር። ከበሩ ሥር የወጣችው ቀሚስ ከመዳፌ አትበልጥም። አንገትጌዋ አለ፣ እጅጌዋ አለ፣ የማንኪያ ኪሷ ሳይቀር አለ።

መዳፌ ላይ አስቀመጥኳት።

ሞቃለች... አሁን ከገላ ላይ እንደወለቀ ልብስ።