ስምንት ክንድ ቀንድ

የዓለምወርቅ የአባቷን ሬዲዮ በነጠላዋ ጠቅልላ ነገሌ ገበያ፣ ሬዲዮ ጠጋኙ ዳዳቻ ዘንድ ስትደርስ የተበላሸው ሬዲዮው መስሏት ነበር። ዘመኑ አሥራ ዘጠኝ መቶ ስድሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው፤ እሷም የከተማው ትምህርት ቤት የሒሳብ አስተማሪ ናት።

ዳዳቻ ከፍቶ አየው፤ መልሶ ገጠመው፤ አዞረው። ዜናው ጥርት ብሎ ወጣ።

«ይሄ እኮ ደህና ነው፣ መምህርት።»

«አባባ ግን ድምፁ ከጠፋ ሦስት ቀን ሆነው ይላሉ።»

ዳዳቻ ሬዲዮውን አየ፤ እሷን አየና ዓይኑን ሰበረ። የአባቷን መደንቆር ከዓይኑ ተረዳችው። ዕቃውን ተሸክሞ እስከ ቤቷ ሲሸኛት በመንገድ አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ፍቅር ብዙ ወሬ አይወድም ይባላል፤ የእነሱ የተጀመረው እንዲሁ ነው።

አባቷ አቶ ገብረወልድ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። የሰው ንግግር መስማት ጨርሶ ሲያቅታቸው ሥራቸውን ትተው ቤት ዋሉ። ሰው የሚላቸውን የዓለምወርቅ በጥቁር ሰሌዳ እየጻፈች ታስነብባቸዋለች።

በዓመቱ ዳዳቻ ሽማግሌ ላከ። አፈ ጉባኤው ኦቦ ዳባሶ ነበሩ፤ ድምፃቸው ከማዶ የሚሰማ የቦረና ሽማግሌ። ልጅቱን ለዳዳቻ እንዲሰጧቸው ጠየቁ። ከዚያ ሁሉም ወደ የዓለምወርቅ ዞረ፤ የራሷን መጠየቅ በራሷ እጅ መጻፍ ነበረባት። በጠመኔ ጻፈችው። አባቷ አነበቡና ሰሌዳውን በመዳፋቸው ጠረጉት።

«ዕድሜዬን ሙሉ ማመልከቻ ስቀበል ኖሬያለሁ» አሉ። «ልጄ ግን በማመልከቻ አትሰጥም። በጆሮዬ ካልሰማሁ መልስ የለኝም።»

ከተማው ይህን ሲሰማ «ሰበብ ነው፤ የቦረናን ልጅ ንቆ ነው» አለ። ሽማግሌዎቹ ሁለተኛ ቢመጡም መልሱ ያው ሆነ። የዓለምወርቅም አባቷን ታዘበች፤ ትታቸው ለመሄድ ደግሞ አንጀቷ አልቻለም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ኤንትሬ የሚባለው ከባድ የጭነት መኪና እያጓራ በደጃቸው አለፈ። አባቷ ከመጽሐፋቸው ቀና አሉ።

«ከፊልቱ የሚመጣው ነው?»

እየሮጠች ዳዳቻ ዘንድ ሄደች። ነገሩን ስትነግረው የያዘውን ሽቦ አስቀመጠ።

«የጠፋባቸው ቀጭኑ ነው ማለት ነው። ወፍራሙ ድምፅ አለ» አላት። ከዚያ ከግድግዳው የበሬ ቀንድ አወረደ። «አየሽ፣ ድምፅ በጠባቡ ይገባና እየሰፋ ይወጣል። ለወፍራም ድምፅ ግን ስምንት ክንድ ቀንድ ያስፈልጋል።»

«ስምንት ክንድ ቀንድ የት አለ?»

«በሣንቃ እንሠራዋለን። ቤቴ አይበቃውም፤ ስለዚህ አጣጥፈን ሣጥን ውስጥ እንከተዋለን።»

የድምፁ መንገድ በየክንዱ ስንት ጣት መስፋት እንዳለበት በደብተሯ አሰላችው። እሱ በዚያ ልክ ኮምፔንሳቶ የሚሉትን ስስ ጣውላ ቆረጠ፤ ሣንቃው ሣጥኑ ውስጥ ወጣ ወረደ እያለ ተጠማዘዘ። ሲሞክሩት አንሾካሾከ። ዳዳቻ በየመጋጠሚያው ሻማ አዞረ፤ ነበልባሉ በተወዛወዘበት ሁሉ ነፋስ ያመልጣል ማለት ነው። እሷ ቀዳዳውን በሰም ደፈነች። አንዱ ስንጥቅ ላይ ጣቱ ጣቷን ነካ። ሰሙ እስኪደርቅ ሁለቱም እጃቸውን አላነሱም።

በሦስተኛው ሳምንት ሣጥኑ አለቀ። ሊያወጡት ሲሉ ግን በበሩ አላልፍ አለ። ሁሉን በጣት ሲለኩ ከርመው በሩን ግን አልለኩትም ነበር። ዳዳቻ ዶማ አንሥቶ የጭቃ ግድግዳውን ሊያፈርስ ተነሣ።

«ተው» አለችው። «እሳቸው ይምጡ።»

ሁለት ዓመት ከቤት ያልወጡት አቶ ገብረወልድ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ገበያውን አቋርጠው መጡ። ቤቱ ውስጥ ኦቦ ዳባሶ ቆመው ይጠብቃሉ። ዳዳቻ ከተንቀሳቃሽ ሲኒማ የተረፈ አሮጌ ማጉያ ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኝቶ ማይክሮፎኑን ለሽማግሌው ሰጠ። የዓለምወርቅ የአባቷን መዳፍ ከሣጥኑ አፍ ላይ አሳረፈች። እሳቸውም ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ናጋ፣ ሰላም ይሁን፣ አቶ ገብረወልድ። ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን ብለን ሦስተኛ መጣን።»

አባትየው ደነገጡ።

«ኦቦ ዳባሶ ነዎት? እስቲ ይድገሙት።»

ሽማግሌው ደገሙት። አቶ ገብረወልድ መዳፋቸውን ሣንቃው ላይ አጥብቀው ጫኑ።

«ሰማሁ» አሉ። «ንቆን ነው መባሌን አውቃለሁ። እኔ ያፈርኩት ልጄን በራሷ እጅ በማስጠየቄ ነበር።» ከዚያ ወደ የዓለምወርቅ ዞሩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ? ድምፅሽን ልስማው፤ ናፍቆኛል።»

ማይክሮፎኑን ተቀበለች።

«እወደዋለሁ፣ አባባ።»

አባቷ ጆሯቸውን እንደደገኑ ጠበቁ። «በይ እንጂ፣ ልጄ።»

ጮክ ብላ ደገመችው። ፊታቸው ላይ ምንም አልመጣም። ወደ ዳዳቻ ዞረች፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ሣጥኑ ቀጭን ድምፅ አይሸከምም» አላት በቀስታ። «መጀመሪያውኑ አውቄ ነበር። ልነግርሽ አልቻልኩም።»

ሣጥኑን የሠራችው ለዚህ አንድ ቃል እንደነበር አሁን ገባት፤ አለቀሰች። ከዚያ ማይክሮፎኑን ለእሱ ዘረጋች።

«አንተ ንገራቸው።»

በሽማግሌ ፊት ጠያቂው ራሱ አይናገርም፤ ነውር ነው። ዳዳቻ ኦቦ ዳባሶን አየ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁለት።

«እወደዋለሁ ትላለች፣ አባባ» አለ ዳዳቻ በጎርናና ድምፁ። «ሁለት ጊዜ ብላለች።»

አቶ ገብረወልድ መዳፋቸውን ከሣንቃው ሳያነሡ እንባቸው ወረደ።

«እንግዲህ የልጄን ነገር የምሰማው ካንተ ነው» አሉት። «አንድ ቃል እንዳታጎድልብኝ፤ አደራ።»