ጉቶው አለ አይደል

ከጓሮ በሩ ስር የገባው ውሃ ጭቃ ይዞ ነበር። ልጅቷ መወልወያውን ጣለችና አጎንብሳ በጣቷ ነካችው። ትናንት የገባው እንዲህ አልደፈረሰም ነበር።

«አባዬ፣ ዳገቱ መንሸራተት ጀምሯል መሰለኝ።»

አባቷ አናጢ ነው። ከመሥሪያ ጠረጴዛው ቀና እንኳ ሳይል ሳቀ። «ፕሮፌሰሯ ደግሞ ጀመረች። አታካብጂ በቃ።»

ከቤቱ ጀርባ ያለው ዳገት ቀጥ ያለ ነው። ዛፎቹን የዛሬ ሦስት ዓመት እሱ ራሱ ቆርጦ አልጋ ሠራባቸው። እሷና ትንሹ ወንድሟ ማሙሽ ኋለኛው ክፍል ውስጥ የሚተኙበትም ከዚያው እንጨት ነው። ጎረቤቶች ጉቶውንም ነቅሎ ለማገዶ እንዲሸጠው ሲመክሩት ግን «ሥሩ አፈሩን ይዞ ይቀመጥ» ብሎ እምቢ አለ። አባቷ ሞኝ አይደለም፤ የሚያናድዳትም ይኸው ነው።

«ጉቶው አለ አይደል?» አለ አሁንም።

«ጉቶውማ አለ። ግን ዛፉ ከተቆረጠ ሥሩም ቀስ በቀስ ይበሰብሳል። መምህራችን…»

«መምህርሽ ቤት ሠርቶ ያውቃል?»

ላስቲክ ተከናንባ ዝናቡ ውስጥ ወጣች። ባለፈው ወር የተከለቻቸው ችግኞች ጭቃው ላይ ተኝተዋል፤ ቢቆሙስ መቼ ሥር ሊሰዱ? አንዱ ጉቶ ጋ ደርሳ ከአፈሩ ብቅ ያለውን ወፍራም ሥር ያዘች። እባክህ ጠንክርብኝ እያለች ሳበችው። ምንም ሳይታገላት ተበጥሶ እጇ ላይ ቀረ።

አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። አባቷ በአውራ ጣቱ ጫን ሲለው ሻይ ውስጥ እንደቆየ ዳቦ ሟሸሸ። ስለ እንጨት ለእሱ ማስረዳት አያስፈልግም። መጋዙን አስቀመጠ።

«እና ምን ላድርግ?» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ አንሶ። «ዳገቱን በእጄ ደግፌ ልያዘው?»

እንዲህ ብሎ ጠይቋት አያውቅም። ፈርታ ነበር፤ እሱም መፍራቱን ስታይ ጭራሽ ባሰባት።

«አክስቴ ቤት እንሂድ። እማዬም ከሥራ ስትወጣ እዚያ እንድትመጣ ደውልላት።»

«ቆይ እስቲ። ዝናቡ ሊያባራ ይችላል።»

ኋለኛው ክፍል ገባች። ማሙሽ የቀን እንቅልፉን ተኝቷል፤ ከራስጌው በላይ ግድግዳው ረጥቧል። በብርድ ልብስ ጠቅልላ አዘለችው። አባቷን መፍቻ ይዞ በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው።

«አልጋውን ልፍታውና አብረን እንወጣለን» አለ።

«በሙጫ ነው የገጠምከው። አይፈታም፣ በበሩም አይወጣም።»

«እሱማ አዎ» አለ፤ ግን ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።

«አልጋው ይቅር፣ አባዬ።»

አባቷ አልጋውን ያያል። ከጓሮ በሩ ስር ውሃው አሁንም ይገባል። ማሙሽን ማዘል ትችላለች፤ አባቷን ማዘል አትችልም። የፊቱን በር ክፍት ትታለት ወጣች።