የአያ ሐጎስ ቴነር

ወዳጄ፣ እኔ ሰይድ በጂንም በቃልቻም በዓይነ ጥላም የማምን ሰው አይደለሁም፣ ወሎ ሳለን እናቴ የፈላ ውሃ ደጅ ስትደፋ «ቢስሚላሂ፣ ልጆቻችሁን ሰብስቡ» ብላ ጂኖቹን ስታስጠነቅቅ ከሆዴ የምስቅባት እኔ ነበርኩ። አሁንም ቢሆን ጂን ነው አልልህም። ምን እንደሆነ ባውቅማ ይህን ሁሉ ምን ያስለፈልፈኛል!

መቐለ የመጣሁት በወጣትነቴ ጨርቅ ልነግድ ነው፣ ጨርቁ ቀርቶ ሳክስፎን ነፊ ሆንኩ፣ ያስተማረኝም አያ ሐጎስ ነው። በጦር ሠራዊት ባንድ ቴነር ሳክስፎን ተምሮ፣ አዲስ አበባ ከሆቴል ሆቴል ጃዝ ሲነፋ ኖሮ፣ እናቱ ስትታመም ወደ መቐለ ተመለሰ፣ እዚህም ጃዝ የሚሰማው ሰው አጥቶ ዕድሜውን በሰው ሰርግ ጨረሰው። ያንን የመሰለ ቴነር «ጥሩምባ» ይሉታል እኮ! «ጥሩምባ ነፊውን ምሳ አብሉት» ብለው ከድንኳን ጀርባ፣ ከሳህን አጣቢዎቹ ጋር ሲያስቀምጡት በዓይኔ አይቻለሁ። እሱ ይስቃል፣ እኔ ነኝ የምቃጠለው።

ሲነፋ ድምፁ ከመውጣቱ በፊት ትንፋሹ ይሰማል፣ ሰው ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ደጅ ላይ ጉሮሮውን እንደሚጠርገው ማለት ነው፣ ከዚያ ያ ወፍራም ድምፅ ይከተላል። እኔ ያንን ስኮርጅ ኖርኩ፣ እሱም «ሰይድ፣ እኔንማ እኔ አለሁ፣ አንተ የት አለህ?» እያለ ያበሽቀኝ ነበር። ከተማው ደግሞ «የሐጎስ ጥላ» ብሎ ስም አወጣልኝ። ሀብት አልተመኘሁም፣ ዝና አልተመኘሁም፣ ከመሞቴ በፊት የራሴን ድምፅ ሰው ሰምቶ እንዲያውቅልኝ ብቻ ነበር የምፈልገው፣ ይህ ምን ብዙ ነገር ነው?

ከዚያ ያ የምታውቀው ክፉ ጊዜ መጣ። መንገዱ ተዘጋ፣ የስኳር መድኃኒት ከከተማው ጠፋ፣ ስኳር የነበረበት አያ ሐጎስም ዓይናችን እያየ አለቀ። የኔን ሳክስፎን ዘራፊ ወሰዳት። ሰላም ሲወርድ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አካባቢ ሲሚንቶ አውራጅ ሆንኩ፣ የነፊ ጣት በሲሚንቶ ሲሰነጠቅ አይተህ ታውቃለህ? አያሳይህ።

ዘንድሮ ሮማናት አደባባይ አጠገብ ያለ አንድ ሆቴል እሁድ እሁድ ጃዝ ሊያሰማ ነው፣ ነፊ ይፈልጋል ተባለ። በደስታ ልሞት ነበር፣ ግን በምን ልንፋ፣ በጣቴ? ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር፣ የአያ ሐጎስ ባለቤት፣ እንደ እናት «አደይ» የምንላት ለተብርሃን ጋ ሄድኩ። እሱ ከሞተ ወዲህ ጥቁሯን አላወለቀችም። ነገሩን ሰምታ አንገቷ ላይ ከማዕተቧ ጋር ያሰረችውን የሳጥኑን ቁልፍ ፈታች።

«ውሰዳት ወደይ፣ ልጄ፣ ግን መጀመሪያ እዚሁ ንፋልኝ፣ ልስማት» አለችኝና ሻይ ልታፈላ ጓዳ ገባች።

ቁልፉን ሳልከትተው ከሳጥኑ ውስጥ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ነገር ሰማሁ፣ ነፊ ከመጀመሩ በፊት ጣቶቹን ሲያፍታታ የሳክስፎኑ ቁልፎች የሚያሰሙት ድምፅ ነው። አይጥ ነው አልኩ። ምን ልበል ታዲያ?

ከፈትኩት። እኛ ነፊዎች ደግሞ አንድ ልማድ አለን፣ ሪድ፣ ያቺ የሳክስፎኑ አፍ ላይ የምትታሰረው ቀጭን የሸምበቆ ልጣጭ፣ ደረቅ ከሆነች አትጮህም፣ ስለዚህ ገና እጃችን ስትገባ ሳናስብ ምላሳችን ላይ እናደርጋታለን። እኔም ዓይኔ ሳያይ እጄ አፌ ውስጥ ከተታት። እርጥብ ነበረች። ወላሂ እርጥብ! ያን ያህል ጊዜ ተቆልፋ የኖረች ሪድ ደርቃ ተጣማ ነበር መገኘት ያለባት፣ ይቺ ግን ከሰው አፍ አሁን እንደወጣች ትሞቃለች፣ ቅርንፉድ ቅርንፉድም ትላለች። አያ ሐጎስ መንጋጋውን ያመው ስለነበር ቅርንፉድ ከጉንጩ ጠፍቶ አያውቅም።

«አደይ፣ ሰው ነፍቶባታል እንዴ?» አልኩ።

«ማን ይነፋታል? ቁልፉ አንገቴ ላይ አይደል የሚያድረው!» አለች ከጓዳ።

እዚያው ጥዬ መሮጥ ነበረብኝ፣ ግን ሲሚንቶው ታወሰኝ። የራሴን ልጀምር ብዬ ነፋሁ፣ መጀመሪያ የወጣው ያ ትንፋሽ ነው፣ ከዚያ ያ ወፍራም ድምፅ። ዜማውን ቀየርኩ፣ ከንፈሬን አጠበቅኩ፣ በንዴት አጮህኳት፣ ወይ ፍንክች! የሚወጣው እሱ ነው። ከጎኔ ያለው ባዶ ወንበር ሥር የሰው እግር ምት ይመታል፣ የኔ እግሮች እንዳልተንቀሳቀሱ እያየኋቸው ነው።

ይሄኔ ከጓዳ፣ እንደ ድሮዋ፣ «ሐጎስ! ቀስ በል እንጂ፣ የጎረቤት ሕፃን ተኝቷል!» ብላ ተቆጣች። ከዚያ ብርጭቆ ተሰበረ። በሩ ላይ መጥታ ስትቆም እኔን አላየችኝም፣ ያየችው ወንበሩን ነው።

«መፂእካ?» አለችው። መጣህ? ማለቷ ነው።

እሁድ ሳክስፎኗን ይዤ፣ አዲስ ሪድ ፈልጌ፣ አፌን አሥር ጊዜ ተጉመጥምጬ ሆቴሉ ሄድኩ። ያው እሱ ወጣ። የሆቴሉ ባለቤት እንባውን እየጠረገ «ሐጎስን መለስክልን እኮ! ተቀጥረሃል» ብሎ አቀፈኝ፣ በቁሙ አንድ ቀን ያልቀጠረው ሰውዬ! የሆቴሉ ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለህ ሲለኝ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ሲመሽ ሳክስፎኗን ልመልስ፣ ወደ ሲሚንቶዬም ልመለስ ቆርጬ አደይ ለተብርሃን ጋ ሄድኩ። በሩን ስትከፍት ደነገጥኩ፣ ጥቁሯን አውልቃ ነጭ ለብሳለች፣ ፀጉሯን ተሠርታለች፣ ፊቷ በርቷል፣ ከኋላዋ ለሁለት ሰው እራት ቀርቧል።

«አደይ፣ ይሄ ሥራ ይቅርብኝ፣ እኔ…» ስል ሳጥኑን ከእጄ ተቀብላ አቀፈችው።

«ሐጎስ ደክሞታል፣ እራቱን ላብላው። አንተ ሂድ ወደይ፣ ለእሁድ መጥተህ ትወስዳታለህ።»

አያ ሐጎስ ሞቷል ልላት አፌን ከፈትኩ፣ ግን ለአንዲት ሴት በአንድ ባል ሁለቴ መርዶ እንዴት ይነገራል? አልቻልኩም፣ ወጣሁ።

ከአጥሩ ብዙም ሳልርቅ ከቤት ውስጥ ቴነር ተነፋ። ቆምኩ። የአያ ሐጎስ ድምፅ አልነበረም፣ ትንፋሽም አልቀደመው፣ ቀጠን ያለ፣ ቸኮል ያለ፣ ጫፉ ላይ የሚሻክር ድምፅ ነው፣ ዜማውም ሲሚንቶ ሳወርድ በሆዴ የሠራሁት፣ ለፍጡር አሰምቼው የማላውቀው ዜማ። እመነኝ ወዳጄ፣ ያ ድምፅ እኔ ነበርኩ። እኔ ደግሞ ውጭ፣ መንገዱ ላይ ባዶ እጄን ቆሜያለሁ። እስኪያልቅ ሰማሁት፣ ያምር ነበር። ውስጥ አደይ ለተብርሃን ስታጨበጭብ የኔም እጆች ሊያጨበጭቡ ተነሱ፣ ኪሴ ከትቻቸው ወደ ቤቴ ሄድኩ።