አባዬ በግራ ሲነዳ

«ግራ! አባዬ፣ ግራህን ያዝ!» አለች ሐምራዊት ከጎኑ ተቀምጣ።

«ይዣለሁ እኮ! አትጩኺብኝ!» አለ አባቷ ገብረየስ፣ መሪውን በሁለት እጁ አንቆ።

እሁድ ጠዋት ነው፤ ፖላሪስ የገበያ ማዕከል አካባቢ ካሉት የመኪና ማቆሚያዎች አንዱ ጭር ብሏል። በሚቀጥለው ሳምንት የትምህርት ቤቱ ዕረፍት፣ ስፕሪንግ ብሬክ፣ ሲጀመር፣ ኮቪድ ሁለት ዓመት ያስቀረባቸውን ዕረፍት ሊያካክሱ ከእናቷ ጋር ሦስቱም ባርቤዶስ ይሄዳሉ። እዚያ መኪና ሬንት ያደርጋሉ። ደሴቲቱ ላይ ግን የሚነዳው በግራ ነው። ይህን ያወቀችው ሐምራዊት ናት፤ ካወቀች ወዲህ ደግሞ ሌላ ወሬ የላትም። መሪው ራሱ በቀኝ ነው! ፍሬቻ አበራለሁ ያለ እንግዳ የዝናብ መጥረጊያውን ይከፍታል! የሰው ጭንቅላት እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት ነው የሚለምደው? ይሄን በዓይኗ ለማየት ጓጓች። ልምምዱም የእሷ ሐሳብ ነው።

«አሥራ አንድ ዓመት ዴሊቨሪ የሠራሁ ሰውዬ!» አለ አባቷ። «ክሊቭላንድ አቬኑን ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምነዳው። ይቺ ምን አላት?»

እውነቱን ለመናገር ጎበዝ ነበር። አራት ጊዜ ዞረ፤ አራቱንም ጊዜ ግራውን አልለቀቀም። ሐምራዊት ልታጨበጭብለት ስትል፣ ከሕንፃው ጥግ ነጭ ቫን ብቅ ብሎ ፊት ለፊት መጣባቸው።

አባቷ ደነገጠ፤ መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘው። ቫኑ ጡሩንባውን እያምባረቀ በግራቸው አለፈ።

«ተመስገን!» አለ አባቷ፣ ፍሬን ይዞ። «አየሽ? ሪፍሌክስ ማለት ይሄ ነው!»

ሐምራዊት ግን ነገሩን መተው አልቻለችም።

«ባርቤዶስ ቢሆን ኖሮስ፣ አባዬ? እዚያ እኮ ከፊት የሚመጣው መኪና በቀኛችን ነው። ቀጥ ብለህ ትገባበት ነበር።»

አባቷ ሞተሩን አጠፋ። «ለእናትሽ እንዳትነግሪ» አለ። «ስትፈራ አታውቂያትም? ግድ የለሽም፣ እለምደዋለሁ።»

ሞርስ ሮድ አጠገብ ያለው አፓርታማቸው ሲገቡ፣ እናቷ ወሰንየለሽ ላፕቶፑን ከፍታ የመኪና ኪራዩን ፎርም እየሞላች ነበር።

«እህ፣ እንዴት ሆነላችሁ? የሹፌር ስም ይላል። የሱን ልጻፍ?»

አባቷ ሐምራዊትን አያት። አንጀቷን በላት፤ ልታሳፍረው አልፈለገችም። በሌላ በኩል ያ ቫን ከፊቷ አልጠፋ አለ።

«ሲነዳማ ጎበዝ ነው» አለች። «ሲደነግጥ ግን ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው። እዚያ ሰው ሊሞት ይችላል፣ እማዬ።»

«ሐምሪ!» አለ አባቷ።

ሐምራዊት ደግማ አላየችውም፤ ካየችው የምትመለስ መሰላት። «እማዬ፣ አንቺ መንጃ ፈቃድ ካወጣሽ ገና ሦስት ዓመትሽ ነው። እጅሽ እንደ እሱ በቀኝ መንዳትን አልለመደም ይሆናል። አሁኑኑ ሄደን እንሞክረው?»

«እኔ? በግራ? አብደሻል እንዴ!» አለች እናቷ። አለች እንጂ ዓይኗ ባሏ ላይ ነበር፤ እሱ ደግሞ መሬት መሬቱን ያያል።

ሐምራዊት የእናቷን ጫማ ከበሩ ሥር አምጥታ ፊቷ አስቀመጠችላት።

አባቷ ጫማውን አየ፤ ሚስቱን አየ። የመኪናውን ቁልፍ አውጥቶ ላፕቶፑ አጠገብ አኖረው።

«እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ» አለ።