ሦስት መቶ ሰባት የጣት አሻራ

ወንድይፍራው ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሞቶ የተገኘው በሚያዝያ 1961 ዓ.ም.፣ በዲላ የገበያ ቀን፣ ከቀትር በኋላ ነው። ማጅራቱን የመታው ዘነዘና ወንበሩ ሥር ወድቋል። የእጅ ሰዓቱ ከእጁ አልወለቀም። መርማሪው መቶ አለቃ ደመላሽ ሬሳውን ቀና ሲያደርገው ጉንጩ ሥር የተዘረጋ ደብዳቤ አገኘ። አነበበና ለማንም ሳያሳይ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ሟቹ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። ለምክር ቤት ሊወዳደር ሲነሣ የአሪቻ መንደር ጭሰኞች ከኋላው ቆሙ። ፓርቲ የሚባል ነገር ሕጉ ባያውቅም እርስ በርሳቸው ቡድናቸውን «ፓርቲያችን» ይሉት ነበር። እጩአቸውን ለማስመዝገብ የደጋፊ ፊርማ ስለተጠየቁ ሦስት መቶ ሰባት ሰዎች በጣታቸው ፈርመዋል። ምዝገባው አርብ ያበቃል። ያ የስም ዝርዝር ግን ከክፍሉ ጠፍቷል።

ከተማው ገዳዩን ለማወቅ መርማሪ አላስፈለገውም። የአሪቻ መሬት ባለቤት ቀኛዝማች ለዚያው ወንበር የወንድማቸውን ልጅ አጭተዋል፤ የፈረመውን ጭሰኛ ሁሉ ከመሬታቸው እንደሚነቅሉም በአደባባይ ዝተዋል። ያስገደሉት እሳቸው ናቸው ተባለ።

ክፍሉ ከሸምሰዲን ሱቅ ጀርባ ስለሆነ በሱቁ ሳያልፉ አይገባም። ሸምሰዲን እንደተናገረው፣ ረፋዱ ላይ አንድ የማያውቀው ሰው ለወንድይፍራው ደብዳቤ ሰጥቶ ከክፍሉ ደጅ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ እሱ ራሱ የጨው ጆንያ ሊያወጣ ገባ። ፊርማውን ያሰባሰቡት የአሪቻው ሽማግሌ ሙሉካም የመጨረሻዋን ወረቀት ይዘው ገቡ። ቆጮ ሻጭዋ ድንቅነሽ ደግሞ ለሟቹ ምሳ አደረሰች፤ የወንጌል ሰባኪ ባሏ የሞተባት፣ የሴቶቹን ፊርማ የሰበሰበች ናት። ማን ቀድሞ ማን እንደተከተለ ሸምሰዲን በገበያው ግርግር አላስተዋለም። ሦስቱም «ስወጣ ደኅና ነበር» አሉ።

ደመላሽ እያንዳንዳቸውን ሲያሰናብት ማንበብ ይችሉ እንደሆነ ጠየቀ። ሸምሰዲን ከቁርኣን ፊደል በቀር አያውቅም። ሙሉካ ሳቅ አሉና፣ «ባነብማ እኔው እወዳደር ነበር፣ ጌታዬ» አሉ። ድንቅነሽ መሬት መሬት እያየች፣ «አልችልም» አለች።

በማግሥቱ ጠዋት ደሙ ካልታጠበበት ክፍል ሦስቱንም ሰበሰባቸውና በየፊታቸው አንዳንድ ወረቀት አኖረ።

«ከጉዳዩ ነጻ መሆናችሁን የሚገልጽ ነው። ፈርሙና ወደየቤታችሁ ሂዱ።»

ሸምሰዲን አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ አሳረፈ። ሙሉካ መርቀውት ፈረሙ። ድንቅነሽ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነከረች፣ ወደ ወረቀቱ አቀረበች፤ እጇ እዚያው አየር ላይ ቀረ።

ደመላሽ ከሙሉካ ፊት ያለውን አንሥቶ አነበበላቸው። «ወንድይፍራውን በዘነዘና መትቼ የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ወረቀቱን ሊቀሙት እጃቸውን ዘረጉ። ደመላሽ የተፈረሙትን ሁለት ወረቀቶች ቀደደና ደብዳቤውን ከኪሱ አወጣ።

«ሌባ ቢሆን ሰዓቱን አይተውም። የቀኛዝማቹ ሰውም አይደለም። ወንድይፍራው ዝርዝሩን ካስረከበ ሩብ ጋሻ መሬት እንደሚሰጡት በማኅተማቸው ጽፈውለታል፤ የሚሸጥላቸውን ሰው ለምን ያስገድሉታል? የገደለው መሸጡን ያወቀ ነው። ከዳተኛ ደግሞ ክህደቱን ለከዳው ሰው አይነግርም። ደብዳቤው ግን ተዘርግቶ ነበር። ገዳዩ ከኋላው ቆሞ አንብቦታል። ወንድይፍራው ያልሸሸገው፣ የገባው ሰው ፊደል አያውቅም ብሎ ስለተማመነ ነው። ማንበቧን የደበቀችኝ አንቺ ነሽ።»

ድንቅነሽ አልካደችም። ፊደል ያስቆጠራት ሟች ባሏ ነበር፣ በወንጌሉ ላይ። ሰው ሁሉ በጣቱ ሲፈርም እሷ ስሟን ብትጽፍ ኩራት እንዳይመስልባት ዝም ብላ ኖራለች። ያን ቀን ምሳውን ልታስቀምጥ ጎንበስ ስትል ዓይኗ ደብዳቤው ላይ አረፈ። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ዝርዝሩስ?»

«ጓሮዬ፣ ቆጮ የምቀብርበት ጉድጓድ ውስጥ።»

ፖሊሶቹ ቆፍረው በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ አገኙት። አንድም አሻራ አልጠፋም። ደመላሽ ገረመው።

«በዚህ ወረቀት ሰው ገድለሽ ለምን አላቃጠልሽውም?»

«አርብ ገና ነው፣ ጌታዬ። ሌላ የሚወዳደር ሰው እናገኛለን ብዬ።»

ሙሉካ የመርማሪው እግር ላይ ወድቀው ወረቀቱ እንዲቃጠል ለመኑ። የመጀመሪያው ስም የሳቸው ነበር። ደመላሽ ጥቂት አሰበ። ዝርዝሩ ከሌለ የመግደያው ምክንያት የለም፤ ምክንያቱ ከሌለ መዝገቡ ይላላል። የፍርድ ቤቱ መዝገብ በማን እጅ እንደሚያልፍም ያውቅ ነበር። ከወረቀቱ ግርጌ «ኤግዚቢት ሁለት» ብሎ ጽፎ ከማስረጃው ጋር አኖረው።

በሳምንቱ የዝርዝሩ ግልባጭ ቀኛዝማቹ ዘንድ ደረሰ። የወንድማቸው ልጅ ያለ ተወዳዳሪ ተመረጠ። ሐምሌ ላይ፣ በዝናቡ፣ የአሪቻ ጎጆዎች ጣሪያቸው እየተገፈፈ ፈረሱ፤ ሰዉም ልጁንና ዕቃውን ተሸክሞ የይርጋጨፌን መንገድ ሞላው። ደመላሽ ሻምበል ተብሎ ወደ ይርጋ ዓለም ተዛወረ።

ድንቅነሽ በተፈረደባት ቀን ከተፈናቀሉት ብዙዎች ፍርድ ቤቱ ደጅ ቆመው ነበር። ሙሉካንም አየቻቸውና የታሰረ እጇን እንደ ሰላምታ ከፍ አደረገች። ሽማግሌው ግን ቀርበው «ምነው ወረቀቱን ባቃጠልሽው» ብለው እግሯ አጠገብ መሬቱ ላይ እንትፍ አሉ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው።